በሰው ሠራሽ እግር ረጅም መንገድ መሄድ፦ አካሄዱ፣ አያያዙና አደጋው



ይህን የምጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 ሆኜ ነው። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ነው፤ በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከአሊ አዴና ከሆልሆል ካምፕ ለሕክምና ወይም ለወረቀት ጉዳይ ወደ ከተማ የሚመጡ ወገኖች ሲያገኙኝ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንደኛው "በዚህ እግር ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል?" የሚል ነው። ሁለተኛው "ቁስሉን በምን ትከላከለዋለህ?" ነው። ሦስተኛውን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት፦ "በእግር ኦቦክ ድረስ ይደረሳል ወይ?" ለሦስቱም የማውቀውን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ወረቀቱን አትማችሁም ሆነ በስልክ አንብባችሁ ለሌላው ብታካፍሉት ደስ ይለኛል።

ለመሆኑ ይቻላል ወይ?

አዎ፣ ይቻላል። ምሳሌ ብዙ ነው። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ከአገሩ ምሥራቃዊ ጫፍ ተነሥቶ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ መሮጥ ጀመረ። በየቀኑ የማራቶን ያህል ርቀት እየሮጠ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ያቆመው እግሩ እምቢ ብሎት አይደለም፤ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለገባ ነው። በዓመቱ ሰኔ 1981 አረፈ።

ኔፓላዊው ሐሪ ቡዳ ማጋር ደግሞ ወታደር ሆኖ አፍጋኒስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በላይ አጣ። ግንቦት 19 ቀን 2023 ኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ ቆመ። ከሱ በፊት ኒውዚላንዳዊው ማርክ ኢንግሊስ በ2006፣ ቻይናዊው ሺያ ቦዩ ደግሞ በ69 ዓመታቸው በ2018 ሁለት እግር ሳይኖራቸው ወጥተዋል።

እነሱ ሐኪምም ገንዘብም ነበራቸው የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ የኛን ሰው ልጥቀስ፤ ስደተኛ የሆነውን። ሶርያዊው ኢብራሂም አል ሁሴን በጦርነቱ ቀኝ እግሩን አጥቶ፣ በጎማ ጀልባ ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ግሪክ ገባ። እዚያ ሰው ሠራሽ እግር በነፃ ተሠራለት። በ2016 የኦሊምፒክን ችቦ በአቴንስ በሚገኘው በኤሌዎናስ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተሸክሞ አለፈ፤ በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ በፓራሊምፒክ ዋኘ። የኛው አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል።

ሁሉም ግን አንድ ቀን ተነሥተው አልሄዱም። ቴሪ ፎክስ ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ተለማምዷል፤ እንዲያም ሆኖ ጉቶው እየቆሰለ ብዙ አሠቃይቶታል። ልዩነቱ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው።

እግሩ ምንድን ነው?

አካሉን ማወቅ ለጥገናውም ይጠቅማል። የቀረውን እግር እኛ በመካከላችን ጉቶ እንለዋለን። ጉቶው የሚገባበት ኩባያ መሰል ነገር ሶኬት ይባላል። ከሱ በታች አጥንቱን የሚተካ ቱቦ አለ፣ መጨረሻ ላይ መዳፉ። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጉልበት ይጨመርበታል።

በኢትዮጵያና በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የሚታደለው እግር ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ነው። ይህን አሠራር ያስፋፋው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የአካል ተሐድሶ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ አዲስ አበባም ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች በዚሁ ቴክኖሎጂ የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆና ቆይታለች። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ በሙቀት ለስልሶ ይስተካከላል። የሚያስፈራውም ያው ሙቀት ነው። እሳት ዳር ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ቅርፁ ይበላሻል። የጅቡቲ ፀሐይ ላይም አትተዉት፤ የጋለ ሶኬት ቆዳ ያቃጥላል፣ የመዳፉም ጎማ ይሰነጠቃል።

ሕንድ አገር ደግሞ ጃይፑር እግር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የእጅ ባለሙያው ራም ቻንድራ ሻርማና ሐኪሙ ሴቲ ሠሩት። በባዶ እግር ለሚሄድ፣ ቁጢጥ ለሚል፣ ጭቃ ለሚረግጥ ገበሬ የታሰበ ነው።

አንድ እግር ለአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ልጅ ግን ስለሚያድግ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መቀየር አለበት። ልጃችሁ ማነከስ ከጀመረ ወይም ወገቡ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ እግሩ አጥሮበታል ማለት ነው፤ "ለምዶት ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ጉልበት ይበላል

ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌላው ሰው በአማካይ ወደ 25 ከመቶ የሚሆን ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ከጉልበት በላይ ከሆነ ጭማሪው 60 ከመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሰው "ቅርብ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው" ሲላችሁ በራሳችሁ ሒሳብ አስሉት። እኩል ለመድረስ ተብሎ መሮጥ አያስፈልግም። ቶሎ መድከምና ብዙ ማላብ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ውኃም ምግብም ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋችኋል።

ልምምዱ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ለኛ የተተረተ ነው የሚመስለው። አዲስ እግር ወይም አዲስ ሶኬት ስታገኙ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ 10 ደቂቃ ብቻ ሂዱ። ቁጭ በሉና አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ። የቀላ ቦታ ይኖራል። ቅላቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ደህና ነው። ካልጠፋ ሶኬቱ እየጫነ ስለሆነ በዚያ ቀን ይብቃችሁ። ቆዳው ደህና ከሆነ በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ። አንድ ርቀት ሳይከብዳችሁና ቆዳችሁ ሳይቀላ ለብዙ ቀን ከሄዳችሁት በኋላ ነው ወደሚቀጥለው መሻገር።

እኔ የምለማመደው ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ በኛው አቆጣጠር፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ከሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ተነሥቼ ወደ እስካል፣ ወደ ባሕሩ ዳር እሄድና እመለሳለሁ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ የሚያርፉበት ቦታ አለ፣ ቢደክመኝ ሚኒባስ አላጣም። የልምምድ መንገድ ሲመረጥ እነዚህን ሦስቱን ማየት ነው፦ ሜዳ መሆኑን፣ ማረፊያ መኖሩንና ቢያቅት መመለሻ መኖሩን። ካምፕ ውስጥ ከሆናችሁ በመጠለያው ዙሪያ እየዞሩ መቁጠር ይሻላል፤ ቀጥ ብሎ ርቆ የሄደ ሰው ያንኑ ያህል መመለስ እንዳለበት ይረሳል።

ምርኩዝ መያዝ ነውር አይደለም። በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ያዙት። ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወረድ ሰው ሠራሹ ይቅደም። የአሊ አዴ ዓይነት ድንጋያማ መሬት ላይ እርምጃ ማሳጠር ነው፤ ዓይን ከፊት ለፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይይ።

ውኃ መቅዳትም ልምምድ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠል ሚዛን ያሳጣል፣ ጉቶውንም ወደ ሶኬቱ ይደፍቀዋል። በሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከፍሎ መያዝ፣ ጀርባ ላይ ማዘል ወይም ጋሪ ካለው ሰው ጋር መስማማት ይሻላል።

የካልሲው ምስጢር

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጉቶ ቀኑን ሙሉ መጠኑ አንድ አይደለም። ጠዋት ወፈር ይላል፤ እየሄዳችሁ ስትውሉ ይሟሽሻል። ሲሟሽሽ ሶኬቱ ውስጥ እየሰመጠ ጫፉ ከታች ይነካል፣ አጥንቱም ይጋጫል። መፍትሔው ካልሲ መጨመር ነው።

እንዲህ አስታውሱት። እግሩ ከላላ፣ ስትራመዱ ከተንቀሳቀሰ ወይም የጉቶው ጫፍ ከታች ከነካ አንድ ካልሲ ጨምሩ። ጉቶው እስከ መጨረሻ አልገባ ካለ ወይም ከላይ ካነቀ አንድ ቀንሱ። ብዙ ካልሲ ካስፈለጋችሁና አሁንም ከላላ ግን ሶኬቱ ተቀይሮ መሠራት አለበት፤ በጨርቅ መጠቅጠቅ ቁስል ያመጣል።

ካልሲው ንጹሕ ጥጥ ወይም ሱፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ ሽብሽቡ ተስቦ ይውጣ። በየቀኑ ይታጠብ። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቅያሪ ያዙ። በዚህ ሙቀት ሶኬቱ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። በየግማሽ ሰዓቱ ጥላ ፈልጉ፣ አውልቁ፣ ጉቶውንም ሶኬቱንም አድርቁ፣ ካልሲ ቀይሩና ቀጥሉ። "ሰው ያየኛል" ብሎ አለማውለቅ ብዙዎቻችንን አልጋ ላይ ጥሎናል።

ቆዳ ማለት ሀብት ነው

ጉቶውን ማታ ማታ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ እጠቡ። ጠዋት አይታጠብም፤ እርጥበት የጠጣ ቆዳ ያብጥና ሶኬቱ ላይ ይጣበቃል። ሶኬቱንም ማታ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ጥረጉት፤ እስኪነጋ ይደርቃል። እግር ከመልበሳችሁ በፊት ቅባት፣ ቫዝሊን ወይም አልኮል አትቀቡ። ከታች ያለውን ለማየት ትንሽ መስታወት ያዙ፤ መስታወት ከሌለ የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል።

ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ አታፍርጡት። እግሩን አውልቁና እስኪድን በክራንች ተንቀሳቀሱ። ሦስት ቀን ማረፍ ያናድዳል፣ አውቃለሁ፤ በቁስል ላይ የተሄደ ሦስት ቀን ግን ሦስት ወር ያስተኛል። ቆዳው ከተበከለ እንደገና ከፍ ብሎ መቆረጥም ሊመጣ ይችላል።

የሚከተለውን ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦ ትኩሳት፣ ቅላቱ እየሰፋ መሄድ፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ጥቁር የሆነ ቆዳ፣ ድንገተኛ እብጠት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል ሳያመውም በየቀኑ ያይ። ጤነኛው እግርም የሚሸከመው እጥፍ ነውና ጥፍሩ፣ ተረከዙ፣ በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ሁሉ ይታይ።

ጫማ

በእርዳታ የሚመጣ ጫማ ዓይነቱ ብዙ ነው። ባለሙያው እግሩን ሲያስተካክል ግን በለበሳችሁት ጫማ የተረከዝ ከፍታ ልክ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ካደረጋችሁ ጉልበታችሁ ወደ ፊት ይገፋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። መሬቱ ያው ሆኖ አካሄዳችሁ በድንገት ከተበላሸ መጀመሪያ ጫማውን ጠርጥሩ። ሸበጥ አይሆንም፤ ሰው ሠራሽ መዳፍ በጣቶቹ አይዝም። ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ወይም ማሰሪያ ያለው ሸራ ጫማ ይሻላል። ባሕር ዳር ወይም አሸዋ ላይ ከሄዳችሁ እግሩን በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና አድርቁት፤ ጨው ብሎኑን ያዝገዋል። ብሎን ከላላ ወይም የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ በሽቦና በማጣበቂያ አትሥሩት፣ ለባለሙያ አሳዩ።

የሌለው እግር ሲያም

ሌሊት የተቆረጠው ጣቴ ያሳክከኛል፣ ይነዝረኛል የሚል ሰው አለ፤ ዕብደትም መንፈስም አይደለም። ነርቩና አእምሮ አሁንም እግሩ እንዳለ አድርገው ስለሚነጋገሩ ነው። ጉቶውን ማሸት፣ በጨርቅ መጠቅለል ያስታግሳል። ጤነኛውን እግር መስታወት ፊት አድርጎ እያዩ ማንቀሳቀስም ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ አእምሮ ሁለቱም እግር ያለ ስለሚመስለው ይረጋጋል። ካልተወ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ፤ ዝም ብላችሁ አትሠቃዩ።

የት ይሠራል? እንዴትስ ይጠየቃል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዲስ አበባ፣ በምናገሻ ቼሻየር፣ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአርባ ምንጭ፣ በአሰላ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ማዕከላት ተቋቁመዋል። ቼሻየር ምናገሻ ላይ ሥራ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ነው።

ካምፕ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምዝገባውን ማስተካከል ነው። በዩኤንኤችሲአር ፋይላችሁ ላይ አካል ጉዳታችሁ በልዩ ፍላጎት መጻፉን ጠይቁ። ብዙ ሰው ሲመዘገብ እግሩን ለብሶ፣ ሱሪውን ለብሶ ስለሚቀርብ መዝጋቢው አያውቅም። እዚህ ጅቡቲ በኦናርስ በኩልም ይጠየቃል፤ በ2017 የወጣው የአገሪቱ የስደተኞች ሕግ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብትን ይዟል። ጅቡቲም ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን የተቀበሉ አገሮች ናቸው፤ አንቀጽ 20 ስለ መንቀሳቀስ፣ አንቀጽ 26 ስለ ተሐድሶ ይናገራል። ስትጠይቁ "እርዱኝ" ብቻ አትበሉ፤ የተቆረጠበትን ቦታ፣ እግሩ የተሠራበትን ዓመት፣ የተበላሸውን ክፍል በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፎቶ አያይዛችሁ ስጡ። ቅጂውን አስቀሩ። ራሽን ለመቀበል ሲሰለፉ መቆም ከመሄድ ይከብዳልና ቅድሚያ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

ይህ ነገር ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በዓለም የታወቀው ሀንዲካፕ ኢንተርናሽናል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1982 በታይላንድ ድንበር በካምቦዲያ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ፈንጂ እግራቸውን ለቆረጠባቸው ሰዎች በቀርከሃ፣ በቆዳና በአሮጌ ጎማ እግር ይሠሩ ነበር። ከስደተኞቹ ራሳቸው ሠልጥነው ሠሪ የሆኑ ነበሩ። በየካምፓችሁ እጁ ለሥራ የሚፈታ ወጣት ካለ ይህን ሙያ እንዲጠይቅ አበረታቱት።

የኦቦክ መንገድ

ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሴም አጭር ነው፦ አይደረሰም፣ አትሞክሩት።

ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ደምሩት። ከታጁራ እስከ ኦቦክ ያለው ብቻ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጠረፉ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ በኩል ለሚመጣ ሰው ደግሞ መንገዱ ከዚያ በጣም ይረዝማል። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ጥላ የለም፣ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በየግማሽ ሰዓቱ አውልቆ ማድረቅ የሚያስፈልገውን ሰው ደላላ አይጠብቅም። ሁለት እግር ያላቸው ጤነኛ ወጣቶች እንኳ በውኃ ጥም የቀሩበት ምድር ነው። ቢደረስስ? ከዚያ በኋላ ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ብቻ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። ደላሎች ሰውን ከባሕሩ ዳር ርቀው ውኃ ውስጥ ያወርዳሉ፤ በሰው ሠራሽ እግር ከዚያ ዋኝቶ መውጣት አይታሰብም።

መንገድ ላይ ያለ ወይም የተታለለ ሰው ካወቃችሁ ኦቦክ ላይ የአይ.ኦ.ኤም የስደተኞች ማዕከል አለ፤ ውኃና ሕክምና ይሰጣል፣ በፈቃዱ ወደ አገሩ መመለስ ለሚፈልግም ያግዛል። ይህን ቁጥብ አድርጋችሁ ንገሩት፤ ስድብ ማንንም አልመለሰም።

ለመንገድ የሚያዝ

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚወስድ ማንኛውም መንገድ፣ ከካምፕ ወደ ጤና ጣቢያም ቢሆን፣ እነዚህን ያዙ፦ ሁለት ደረቅ ካልሲ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ውኃ፣ ትንሽ ስኳርና ጨው ወይም ኦ.አር.ኤስ፣ ንጹሕ ፋሻ፣ መስታወት፣ ምርኩዝ፣ የተሞላ ስልክ፣ የመታወቂያ ወረቀት። ስትሄዱ ለአንድ ሰው የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ።

በዚህ እግር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው፦ ነገ ጠዋት እግሩን መልሳችሁ መልበስ እስከምትችሉበት ድረስ። ከዚያ ያለፈው ርቀት የሚቆጠረው ከነገው መንገድ ተቀንሶ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የሐኪም ጉዳይ የሆነውን ወደ ሐኪም እመራችኋለሁ። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።